እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጥራው፦ የቴክኒክ መመሪያ በኤክስኤምኤል መጻፍ ለሚጀምር ወጣት

ልጄ፣

መሥሪያ ቤትህ «ከአሁን ወዲያ የጥገና መመሪያዎቻችንን በኤክስኤምኤል ነው የምንጽፈው» ብሎህ ይሆናል። ወይም ምህንድስና ተምረህ፣ መጻፍም ስለምትወድ፣ የቴክኒክ ጸሐፊነትን እንጀራህ ልታደርገው አስበህ ይሆናል። በየትኛውም በኩል ብትመጣ መጀመሪያ የሚያስፈራህ ሶፍትዌሩ ነው፤ ታግ የተባለው የስያሜ ምልክት ብዛት፣ የማዕዘን ቅንፉ፣ በየመስመሩ ብቅ የሚለው የስህተት መልእክት። እሱን ቶሎ ትለምደዋለህ። ሙያው በሙሉ ዕድሜህ የሚጠይቅህ ግን የምትጽፈው እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ምን እንደሆነ አውቀህ በስሙ መጥራትን ነው፦ ይህ እርምጃ ነው፣ ይህ ማብራሪያ ነው፣ ይህ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ይህ ልክ ነው ብሎ መለየትን። ከዚህ በታች የምመክርህ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው በአገራችን ገጠር ከሚታወቁት ሁለት የእጅ ፓምፖች፣ ከአፍሪዴቭና ከኢንዲያ ማርክ ሁለት ጥገና ነው። አንተ ስለ ባንክ ሶፍትዌር ወይም ስለ ሆስፒታል ዕቃ የምትጽፍ ብትሆንም ነገሩ ያው ነው።

1. መመሪያው የሚነበብበት ቦታ ሂድ

የፓምፕ መመሪያ የሚነበበው ጉድጓዱ አጠገብ ነው። ጄሪካን የያዙ ሰዎች ቆመው ይጠብቃሉ፤ የሚያነበው ሰው እጅ በቅባት ተነክቷል። ያ ሰው ከመቅድሙ ጀምሮ አያነብልህም። የቸገረችውን አንዲት ነገር ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይሠራል፣ ይዘጋዋል። ካላገኘ ደግሞ በግምት ይሠራል፤ በግምት የተሠራ ጥገና ምን እንደሚያስከትል አንተም ታውቃለህ።

ሄደህ ስታይ አንባቢህ ብዙ ሰው መሆኑ ይገባሃል። የውሃ ኮሚቴው የመረጠው ተንከባካቢ አለ፤ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አለ፤ እነሱን የሚያሠለጥን ሰው አለ። ተንከባካቢው «ውሃው ቀንሷል፤ ምን ላድርግ?» ይላል። ባለሙያው «ይህ ፓምፕ እስከ ስንት ሜትር ይስባል?» ይላል። አሠልጣኙ «የታች ቫልቩ ሥራው ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቀው ተማሪ መልስ ይፈልጋል። እንዴት ይሠራል፣ ልኩ ስንት ነው፣ ምንድን ነው፤ ጥያቄዎቹ እነዚህ ሦስቱ ናቸው። በማስታወሻህ ጻፋቸው። ወደፊት የምታገኘው መዋቅር ሁሉ የተሠራው እነሱን ለመመለስ ነው።

2. መልክን ከምንነት ለይ

በዎርድ ስትጽፍ «ማስጠንቀቂያ» የሚለውን ታደምቃለህ። የመለዋወጫውንም ስም ታደምቃለህ። ንዑስ ርዕሱንም ታደምቃለህ። ሰው በልምዱ ይለያቸዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስቱም ደማቅ ፊደል ብቻ ናቸው። ነገ አለቃህ «ከመመሪያዎቻችን ሁሉ ማስጠንቀቂያዎቹን ብቻ አውጣልኝ» ቢልህ ገጽ በገጽ እያገላበጥህ በዓይንህ ከመልቀም ሌላ መንገድ የለህም።

በኤክስኤምኤል ማስጠንቀቂያውን ማስጠንቀቂያ ብለህ ትሰይመዋለህ፤ በዚህ ይበቃል። ቀይ ይሁን ጥቁር፣ በወረቀት ይውጣ በስልክ፣ ሣጥን ይኑረው አይኑረው ሌላ ፋይል ላይ አንድ ጊዜ ይወሰናል፤ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ እኩል ይሠራል።

ሐሳቡ ዛሬ የመጣ እንዳይመስልህ። እ.ኤ.አ. በ1969 በአይቢኤም ቻርልስ ጎልድፋርብ፣ ኤድዋርድ ሞሸርና ሬይመንድ ሎሪ የሕግ ቢሮዎችን ሰነድ በኮምፒውተር ለማስተዳደር ሲሠሩ አንድ ችግር ገጠማቸው። መጻፊያው፣ መፈለጊያውና ማተሚያው ፕሮግራም እያንዳንዱ የራሱ ምልክት ስለነበረው አንዱ ያዘጋጀውን ሌላው መጠቀም አልቻለም። መፍትሔያቸው በሰነዱ ላይ መልኩን መጻፍ ትተው ምንነቱን መጻፍ ሆነ፤ ጂኤምኤል የተባለው ቋንቋ ከዚያ ተወለደ። የእሱ ልጅ ኤስጂኤምኤል እ.ኤ.አ. በ1986 አይኤስኦ 8879 ተብሎ ዓለም አቀፍ መመዘኛ ሆነ። ኤክስኤምኤል ደግሞ ከእሱ ቀለል ተደርጎ እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 1998 ወጣ። በእነዚህ ዓመታት ስንትና ስንት የጽሑፍ ፕሮግራም መጥቶ ጠፍቷል፤ ምንነቱ የተጻፈበት ሰነድ ግን ዛሬም ይነበባል። ጊዜህን የምታፈስበት ነገር ዕድሜ ያለው መሆኑን እወቅ።

3. ኮምፒውተሩን ሳትከፍት ባለቀለም እርሳስ ያዝ

አሮጌ መመሪያ ፈልግና ጥቂት ገጾች በወረቀት አውጣ። አራት ቀለም ምረጥ፤ አንዱ ለእርምጃ፣ አንዱ ለማብራሪያ፣ አንዱ ለልክና ለቁጥር፣ አንዱ ለማስጠንቀቂያ ይሁን። ከዚያ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር እያነበብህ ቀለም ቀባ።

እንዲህ ያለ አንቀጽ ያጋጥምሃል፦ «የፓምፑ ራስ ክዳን ከተከፈተና እጀታው ከወጣ በኋላ ዘንጎቹ ወደ ላይ ይሳባሉ፤ ጎማው ካረጀ ውሃ ስለሚያሳልፍ የፓምፑ ምርት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ይቀየራል፤ ዘንጎቹ ሲነቀሉ የታችኛው ጉድጓድ ውስጥ እንዳይወድቅ ጥንቃቄ ይደረግ።»

ስትቀባው ጉዱ ይወጣል። አንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቀለም ይዟል። ጎማው ሲያረጅ ውሃ ለምን እንደሚቀንስ የሚናገረው ማብራሪያ በእርምጃዎቹ መካከል ተሰንቅሯል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማስጠንቀቂያው መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው፤ ሰውዬው እያነበበ እየሠራ ከሆነ «እንዳይወድቅ» የሚለው ላይ ሲደርስ ዘንጉ ወድቋል።

ይህን ሥራ አትናቀው። ብዙ ሰው ወደ ሶፍትዌሩ ሮጦ ይህን የተደበላለቀ አንቀጽ እንዳለ ታግ ውስጥ ይከተዋል። ታግ ውስጥ ስለገባ የተስተካከለ ይመስላል፤ ጉድጓዱ አጠገብ ያለው ሰው ግን የሚያነበው ያንኑ ውዥንብር ነው። መለየት የሚችል ዓይን ካላበጀህ ኤክስኤምኤል ምንም አያደርግልህም።

4. እርምጃን እንደ ትእዛዝ ጻፍ

የአማርኛ መመሪያዎቻችን «ይደረጋል፣ ይቀየራል፣ ይከፈታል» ማለት ይወዳሉ። ማን ነው የሚከፍተው? አሁን ነው ወይስ ሁልጊዜ? ክዳኑ በራሱ ይከፈታል ወይስ እኔ ልክፈተው? አንባቢህን በዚህ አታድክመው። «የፓምፑን ራስ ክዳን ይክፈቱ» በለው። «ክፈት» ማለት ትፈልጋለህ ወይስ «ይክፈቱ»? እኔ በአክብሮት መናገርን እመርጣለሁ፤ መመሪያው የሚደርሰው ከአንተ በዕድሜ ለሚበልጡም ነውና። የመረጥኸውን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዝ።

በአንድ እርምጃ አንድ ድርጊት ብቻ ይኑር። የአውሮፕላን ጥገና ጸሐፊዎች የሚከተሉት ኤስቲኢ የተባለ የቀላል እንግሊዝኛ ደንብ አለ፤ የሥራ ቅደም ተከተል የሚናገር ዐረፍተ ነገር ከ20 ቃል እንዳያልፍ፣ አንድ ቃልም አንድ ትርጉም ብቻ እንዲኖረው ያዝዛል። የእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል ባለቤቱንም ግሱንም ተሳቢውንም ስለሚሸከም እኔ ከ12 ቃል ባታልፍ እልሃለሁ።

የመለዋወጫ ስሞችንም ወስን። አንድ ቦታ «መፍቻ»፣ ሌላ ቦታ «ቁልፍ» ካልህ አንባቢው ሁለት መሣሪያ ሊፈልግ ይሄዳል። ብሎንን ብሎን፣ ዳዶን ዳዶ በል። ባለሙያው ጋራዥ ውስጥ የሚለውን ቃል ትተህ ከመዝገበ ቃላት ያገኘኸውን ብትጽፍለት የሚጠፋው እሱ ነው። የቃላቱን ዝርዝር በአንድ ፋይል ጻፍ፣ ባልደረቦችህም ይፈርሙበት።

5. የራስህን ታግ አትፍጠር

ኤክስኤምኤል ታግ እንደፈለግህ እንድትሰይም ይፈቅድልሃል። ጀማሪ ሁሉ ይህን ሲሰማ ደስ ይለውና የራሱን ይፈጥራል። ተው። የፈጠርኸውን ታግ ወደ ፒዲኤፍ የሚቀይር፣ ወደ ድረ ገጽ የሚያወጣ፣ የሚያርም መሣሪያ ሁሉ አንተው ልትሠራ ነው። ሰዎች ለዓመታት ተከራክረው ያጠሩት መመዘኛ አለልህ።

ሦስቱን እወቅ። ዶክቡክ እ.ኤ.አ. በ1991 በኮምፒውተር መጻሕፍት አሳታሚው ኦራይሊና ሃል ኮምፒውተር ሲስተምስ በተባለ ኩባንያ የተጀመረ ነው፤ ምዕራፍ በምዕራፍ ለሚነበብ መጽሐፍ መሰል ሰነድ ይስማማል። ኤስ1000ዲ ከአውሮፓ የአየርና የመከላከያ ኢንዱስትሪ የወጣ ነው፤ ጥብቅና ሰፊ ነው። ቦይንግ 787 የጥገና ሰነዶቹ የተዘጋጁት በዚህ መመዘኛ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን 787 እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ስለተረከበ እዚያ ጥገና ክፍል መሥራት ከፈለግህ እሱ ሳያጋጥምህ አይቀርም።

ለአብዛኛው ሰው ግን ዲታን እመክራለሁ። አይቢኤም ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ2004 ኦኤሲስ ለተባለው የመመዘኛ ድርጅት ሰጠው፤ የመጀመሪያው እትም በ2005፣ 1.3 የተባለው በ2015 ወጣ። በስሙ ውስጥ የዳርዊን ስም ያለው አንዱ ቅርጽ ከሌላው ወርሶ የራሱን እየጨመረ እንዲያድግ ሆኖ ስለተሠራ ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ሰነድን በትንንሽ ራሳቸውን በቻሉ ቁራጮች እንድታስበው ያስገድድሃል። እያንዳንዱ ቁራጭ ቶፒክ ይባላል።

6. ሦስቱን የቶፒክ ዓይነቶች በእጅህ ጻፍ

በመጀመሪያው ምክር ሦስት ጥያቄ ጻፍ ብዬህ ነበር። ዲታ ለሦስቱም ቅርጽ አለው። «ምንድን ነው» የሚለውን ኮንሴፕት፣ «እንዴት ይሠራል» የሚለውን ታስክ፣ «ልኩ ስንት ነው» የሚለውን ሪፈረንስ ይመልሰዋል። በአንድ ቶፒክ አንዱን ብቻ መልስ። ጎማ ለምን እንደሚያረጅ ኮንሴፕት ውስጥ ይቀመጥ፤ እንዴት እንደሚቀየር ታስክ ውስጥ፤ አፍሪዴቭ እስከ 45 ሜትር፣ ኢንዲያ ማርክ ሁለት እስከ 50 ሜትር ጥልቀት እንደሚያገለግሉ ሪፈረንስ ውስጥ።

ታስክን በደንብ አጥና፤ ሙያው የሚፈተነው እዚያ ነው። መዋቅሩ በራስህ ቋንቋ እንዲታይህ የታጎቹን ስም በፊደላችን ጽፌ ላሳይህ፦

<ተግባር>
<ርዕስ>የአፍሪዴቭን የፒስተን ጎማ መቀየር</ርዕስ>
<ቅድመ-ሁኔታ>መፍቻ፣ የዘንግ ማሳረፊያና አዲስ ጎማ ያዘጋጁ።</ቅድመ-ሁኔታ>
<እርምጃዎች>
<እርምጃ><ትእዛዝ>የፓምፑን ራስ ክዳን ይክፈቱ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
<እርምጃ><ትእዛዝ>እጀታውን ያውጡ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
<እርምጃ><ማስጠንቀቂያ>የታችኛውን ዘንግ በማሳረፊያው ሳይዙ የላይኛውን አይንቀሉ፤ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል።</ማስጠንቀቂያ><ትእዛዝ>ዘንጎቹን እየሳቡ አንድ በአንድ ይንቀሉ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
<እርምጃ><ትእዛዝ>የፒስተኑን አሮጌ ጎማ በአዲስ ይተኩ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
<እርምጃ><ትእዛዝ>ፒስተኑንና ዘንጎቹን በንጹህ ውሃ ይጠቡ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
<እርምጃ><ትእዛዝ>ዘንጎቹን፣ እጀታውንና ክዳኑን ወደ ቦታቸው ይመልሱ።</ትእዛዝ></እርምጃ>
</እርምጃዎች>
<ውጤት>እጀታውን ሲመቱ ውሃ ሳይቆራረጥ ይወጣል።</ውጤት>
</ተግባር>

ከላይ ካየነው አንቀጽ ጋር አስተያየው። የሚያስፈልገው ዕቃ ከሥራው በፊት መጣ። ማስጠንቀቂያው አደጋ ካለበት እርምጃ በላይ ተቀመጠ። የጎማው ማብራሪያ ወጥቶ የራሱ ቶፒክ ሆነ። መጨረሻ ላይ ሠራተኛው ሥራው መሳካቱን የሚያውቅበት ውጤት አለ፤ በአሮጌው አንቀጽ ይህ ፈጽሞ አልነበረም። በዲታ ትእዛዝ የሌለው እርምጃ አይፈቀድም፤ ስለዚህ ማብራሪያ ብቻ ጽፈህ እርምጃ ነው ልትል አትችልም። መዋቅሩ የረሳኸውን ይጠይቅሃል።

በእውነተኛው ሥራ ግን የታጎቹ ስም በመመዘኛው እንዳለ በላቲን ፊደል ነው፤ እሱንም አትለውጠው። ኤክስኤምኤል ሲወጣ የታግ ስም ደንቡ የተመሠረተው ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መመዘኛ 2.0 እትም ላይ ነበር፤ የእኛ ፊደል ዩኒኮድ የገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 ነው። ስለዚህ በፊደላችን ይዘት መጻፍ ቢቻልም ታግ መሰየም አይቻልም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አምስተኛው የኤክስኤምኤል 1.0 እትም በሩን ከፈተ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ዛሬም በቀድሞው ደንብ ነው የሚሠሩት።

7. ማረጋገጫው የሚያውቀውንና የማያውቀውን ለይ

አርታዒ ሶፍትዌሩ ሁለት ነገር ይፈትሻል። አንደኛ፣ የተከፈተው ታግ ሁሉ በቦታው ተዘግቷል ወይ? ይህ ካልተሟላ ፋይሉ ኤክስኤምኤል ራሱ አይባልም። ሁለተኛ፣ ታጎቹ መመዘኛው በሚፈቅደው ቦታና ቅደም ተከተል ተቀምጠዋል ወይ? ስህተት ሲያሳይህ አትደንግጥ፤ መልእክቱን ረጋ ብለህ አንብበው። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከተሰመረበት መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው።

ቀዩን መስመር ለማጥፋት ብቻ ታግ መቀያየር ግን አትልመድ። ማስጠንቀቂያ የማይፈቀድበት ቦታ አስገብተህ ቢከለክልህ ወደ ተራ አንቀጽ ለውጠህ አትለፈው፤ ትክክለኛ ቦታው የት እንደሆነ ጠይቅ። መመዘኛው የማይይዛቸውን የቤት ደንቦች፣ ለምሳሌ «ማንኛውም ታስክ ውጤት ይኑረው» የሚለውን፣ ስኪማትሮን በተባለ ቋንቋ ጽፈህ ማስፈተሽ ትችላለህ፤ ስትበስል ተማረው።

ማረጋገጫው እውነትን አያውቅም። «ዘንጎቹን ከነቀሉ በኋላ ክዳኑን ይክፈቱ» ብለህ ብትጽፍ ያልፍልሃል። ስለዚህ ጽሑፍህን ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስጠውና ዝም ብለህ ቁምና እይ። የት ቆመ? የት ተመልሶ አነበበ? የት ወደ አንተ ዞረ? እዚያ ቦታ ላይ ጽሑፍህ ጎድሏል ማለት ነው።

8. አንድ እውነት በአንድ ቦታ ይኑር

የዘንጉ ማስጠንቀቂያ በአምስት ታስኮች ውስጥ ያስፈልግ ይሆናል። አምስት ቦታ አትገልብጠው። አንድ ፋይል ላይ አስቀምጠህ ከአምስቱም ቦታ ጥራው፤ ዲታ ለዚህ ኮንሬፍና ኪይ የተባሉ መንገዶች አሉት። ነገ ማስጠንቀቂያው ሲሻሻል አንድ ቦታ ታርማለህ፣ አምስቱም ይታረማሉ። ሁለት መመሪያ ስለ አንድ ነገር የተለያየ ነገር መናገሩ በሙያችን ትልቁ በሽታ ነው፤ መድኃኒቱ ይህ ነው።

አማርኛ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች የምርቱን ስም ብቻ ኪይ አድርገህ በየዐረፍተ ነገሩ መካከል እንድትጠራው ያስተምሩሃል። በእኛ ቋንቋ ፓምፕ የሚለው አንድ ጊዜ ፓምፑ፣ አንድ ጊዜ ፓምፑን፣ ሌላ ጊዜ በፓምፑ፣ ለፓምፖቹ ይሆናል። የተጠራው ቃል ግን እንደተቀመጠ ይመጣና ዐረፍተ ነገሩን ይሰብረዋል። ስለዚህ ቃል አትጥራ፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ሙሉ ማስጠንቀቂያ፣ ሙሉ እርምጃ ጥራ። ይህን መጀመሪያ ከወሰንህ ሰነዱ ወደ አፋን ኦሮሞ፣ ወደ ትግርኛ ወይም ወደ ሶማሊኛ ሲተረጎምም ተርጓሚው ይመርቅሃል።

የሚመሳሰል ሁሉ አንድ ነው ብለህ ግን አታምታ። ሁለት ዐረፍተ ነገር ዛሬ ቢመሳሰሉም ነገ በተለያየ ምክንያት የሚለወጡ ከሆነ ለየብቻ ይኑሩ።

9. ከአንድ ምንጭ ለብዙ አንባቢ አውጣ

ቶፒኮችህን በቅደም ተከተል የሚያስተሳስረው ፋይል ማፕ ይባላል። ማፕ ውስጥ ጽሑፍ የለም፤ ዝርዝርና ተዋረድ ብቻ ነው። አንድ ቶፒክ በስንትም ማፕ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

ሁለቱን ፓምፖች ተመልከት። በአፍሪዴቭ ፒስተኑንና የታች ቫልቩን በውሃ መሳቢያው ቱቦ ውስጥ አሳልፈህ ታወጣለህ፤ ቱቦው አይነካም። በተለመደው ኢንዲያ ማርክ ሁለት ግን ቱቦው ራሱ ከጉድጓዱ መውጣት አለበት፤ ከባድ ሥራ ነው፣ ብዙ ሰውና መሣሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ የጎማ መቀየሪያው ታስክ ለሁለቱ የተለያየ ነው። የፓምፕ አሠራርን የሚያብራራው ኮንሴፕት፣ የጉድጓድ ንጽሕናን የሚናገረው ታስክ ግን የጋራ ናቸው። ሁለት ማፕ ትሠራለህ፤ የጋራዎቹ በሁለቱም ይገባሉ፣ የተለያዩት በየቦታቸው።

ለአንባቢ መለየትም ትችላለህ። ኦዲየንስ በተባለው አትሪቢዩት፣ ማለት ከታጉ ጋር በሚጻፍ መግለጫ፣ «ይህ ለወረዳ ባለሙያ ብቻ» ብለህ ምልክት ካደረግህበት ለተንከባካቢው በሚወጣው መመሪያ ውስጥ እንዳይታይ ማድረግ ትችላለህ። ነገር ግን በዐረፍተ ነገር መካከል እየገባህ ግማሹን ለዚህ፣ ግማሹን ለዚያ አታድርግ። ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚወጣ አንተም አታውቀውም። የምትለየው ሙሉ እርምጃ ወይም ሙሉ ቶፒክ ይሁን።

10. መሣሪያህን በመጨረሻ ምረጥ፤ ፊደላችንንም አስብበት

ገንዘብ ሳታወጣ መጀመር ትችላለህ። ቪኤስ ኮድ የተባለው አርታዒ በነጻ ይገኛል፤ የኤክስኤምኤል ተጨማሪ ትጭንበታለህ። ዲታ ኦፕን ቱልኪት የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ደግሞ ማፕህን ወስዶ ድረ ገጽና ፒዲኤፍ ያወጣልሃል። መሥሪያ ቤትህ አቅም ካለው ኦክሲጅን የተባለው የሚከፈልበት አርታዒ ብዙ ድካም ይቀንሳል። ነገር ግን መጀመሪያ ታጎቹን እያየህ ጻፍ፤ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ የምታውቀው ያን ጊዜ ነው። ፋይሎችህን ጊት በተባለው ፕሮግራም አስቀምጥ፤ ማን ምን መቼ እንደለወጠ ይነግርሃል።

የአማርኛ ፒዲኤፍ ስታወጣ የሚያጋጥምህን አስቀድሜ ልንገርህ። ቱልኪቱ ፒዲኤፍ የሚሠራው አፓቼ ኤፍኦፒ በተባለ ፕሮግራም ነው። ለፊደላችን ፎንት ካልተነገረው በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ የመሰላል ምልክት ደርድሮ ይሰጥሃል፤ ገጹ በሙሉ መሰላል ይሆናል። ፋይልህ የተበላሸ መስሎህ እንደገና መጻፍ እንዳትጀምር። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የመሰለ ነጻ ፎንት ጫንና በማዋቀሪያው ፋይል ውስጥ አስመዝግበው። ፋይሎችህን ሁሉ በዩቲኤፍ 8 አስቀምጥ፤ የሰነዱ ቋንቋ አማርኛ መሆኑንም በቋንቋ አትሪቢዩቱ ግለጽ። «ማስታወሻ» እና «ሠንጠረዥ» የመሳሰሉትን ፕሮግራሙ ራሱ የሚጨምራቸውን ቃላትም በአማርኛ አዘጋጅለት፤ አለዚያ በአማርኛ ገጽህ መካከል እንግሊዝኛ ይሰነቅርብሃል።

11. አሮጌውን ክምር በአንድ ጊዜ ለማሻገር አትሞክር

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አለቃህ የዓመታቱን የዎርድ ሰነድ በአንድ ወር ወደ ኤክስኤምኤል ቀይር ቢልህ በአክብሮት አስረዳው። በፕሮግራም በጅምላ የተቀየረ ሰነድ ያንኑ የተደበላለቀ አንቀጽ በታግ ተጠቅልሎ ይመልስልሃል፤ ምንነት መሰየም የሰው ሥራ ነው። ከዚያ ይልቅ ሕዝብ አብዝቶ የሚጠቀምበትን አንድ መመሪያ ምረጡ። ከእርሳሱ ጀምረህ ሥራው፣ አውጣው፣ ጉድጓዱ አጠገብ ፈትነው፣ ለባልደረቦችህ አሳያቸው። የተሠራውን ያየ ሰው ለሁለተኛው መመሪያ ራሱ ይጠይቅሃል።

ለሁሉም ነገር ኤክስኤምኤል ያስፈልጋል ብለህም አትከራከር። አንድ ሰው የሚጽፈው፣ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ መልክ ብቻ የሚወጣ፣ የማይታደስ አራት ገጽ ጽሑፍ በዎርድ ቢሠራ ምንም አይጎድለውም። ብዙ ምርት፣ ብዙ አንባቢ፣ ብዙ ቋንቋ፣ ብዙ እድሳት ባለበት ግን ያለ መዋቅር መሥራት ለሚቀጥሉት ሰዎች ዕዳ ማውረስ ነው።

12. በዚህ ሳምንት አንድ ታስክ ጨርስ

ብዙ ካነበብህ በኋላ እጀምራለሁ አትበል። ራስህ አድርገህ የምታውቀውን አንድ ሥራ ምረጥ፤ የጀነሬተር ዘይት መቀየር ይሁን የፕሪንተር ቀለም መተካት። በወረቀት እርምጃውን፣ ማስጠንቀቂያውንና ውጤቱን ለይ። በዲታ ታስክ አድርገህ ጻፈው። ማረጋገጫውን እስኪያልፍ አርመው። ከዚያ ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስጠውና እያየህ አሠራው። እሱ አንተን ሳይጠይቅ ከጨረሰ ሙያው ገብቶሃል፤ ከጠየቀህ ጥያቄውን ጻፈውና ወደ ጽሑፍህ ተመለስ።

ልጄ፣ ይህ ሥራ ስምህን አያስጠራም። በመመሪያ ላይ የጸሐፊ ስም አይጻፍም፤ የጠገነውም ሰው ማን እንደጻፈለት አያውቅም። ቢሆንም አንድ ቀበሌ ውሃ የሚያገኝበትና የሚያጣበት ቀን አንተ ማስጠንቀቂያውን ከእርምጃው በፊት በማስቀመጥህ ሊወሰን ይችላል። ያን አስበህ ጻፍ። እጅህ ይባረክ፤ የጻፍኸው ሁሉ ለሠሪው ይቅናው።